ስልኩ «ገዳይ» ያላት አውጥ፣ «ሳሙና» ያለው እንዶድ

ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ሲወረድ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ የድንችና የገብስ ማሳ የሚጀምርበት ጥግ አለ። እዚያ ጥግ ላይ አብራን የነበረች አንዲት ወጣት ስልኳን በየቁጥቋጦው ላይ ትደቅን ነበር፤ ፎቶ አይቶ የተክሉን ስም የሚናገር ፕሮግራም ጭናበታለች። ከድንቹ ዳር በበቀለች አውጥ ላይ ደቀነችው። ስልኩ አሰበ፣ አሰበና አንድ የእንግሊዝኛ ስም አወጣ፤ ከስሙ ሥር ደግሞ በቀይ «መርዛማ፣ ገዳይ» የሚል ማስጠንቀቂያ። እጇ ላይ የነበሩትን ጥቋቁር ፍሬዎች እንደ ፍም ወረወረቻቸው። አጠገባችን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ ያያታል፤ ከንፈሩ በዚያው ፍሬ ጠቁሯል። ምን እንደነካት አልገባውም።

ትንሽ አለፍ ብሎ አጥር ላይ የተንጠለጠለ እንዶድ ነበር። እሱም ላይ ደቀነችው። ስልኩ አሁን «የሳሙና ፍሬ» አላት። ደስ ብሏት አንድ ዘለላ ቀነጠሰችና ከዳቦውና ከብርቱካኑ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው።

የልጁን ከንፈር ያጠቆረው በስሎ ከወደቀ በኋላ ሲለቀም የኖረ የእረኛ ፍሬ ነው። ቦርሳ ውስጥ የገባው ግን ዓሣ የሚገድል፣ ቀንድ አውጣ የሚፈጅ፣ ሰው ከዋጠው አንጀቱን የሚያቃጥል ነው። ስልኩ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ረስቼው ነበር። ነገር ግን የተናገራቸው ሁለቱም ስሞች በመጻሕፍት ውስጥ ያሉ፣ ሰዎች የተስማሙባቸው ስሞች ናቸው። የሚበላው የገዳይ ስም ይዞ፣ የሚገድለው የሳሙና ስም ይዞ እንዴት እዚህ ደረሰ? ከዚያ ቀን ወዲህ የሚከነክነኝ ይኼ ነው።

ክር ቆራጯ

«ገዳይ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የሌላ ተክል ነው። ሳይንሱ አትሮፓ ቤላዶና ይላታል። አገሯ አውሮፓና ምዕራብ እስያ፣ እንዲሁም ጥቂት የሰሜን አፍሪካ ቦታ ነው፤ ጥላ ያለበት ደንና የኖራ ድንጋይ ያለበት አፈር ትወዳለች። እንጦጦ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም። ከአውጥ ጋር ግን ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከድንች፣ ከቲማቲምና ከበርበሬ ቤተሰብ ናቸው። እንግሊዞች ደግሞ ለሁለቱም አንድ የወል ስም ሰጥተው በቅጽል ብቻ ይለዩዋቸዋል፦ አንዷ «ጥቁሯ»፣ ሌላዋ «ገዳይዋ»። የአንዷ ማስጠንቀቂያ በሌላዋ ላይ የሚለጠፈው በዚህ ቀዳዳ ነው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ እንደሚባለው፣ ስሙ ከአውሮፓ ደን ተነሥቶ መጥቶ የሱሉልታ ማሳ ላይ ተጎለተ።

ይህን ያህል ስሟን ካነሣን ስሙ ራሱ የሚናገረውን ማየት ደግ ነው፤ መርዝን በስም መያዝ የሚቻለው እስከምን ድረስ እንደሆነ ከእሷ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ሳይንሳዊ ስሟን ያጸደቀው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ነው፣ በ1753 እ.ኤ.አ.። በጥንት ግሪኮች ተረት የሰውን ዕድሜ የሚይዙ ሦስት እህትማማቾች አሉ። አንዷ ክሩን ትፈትላለች፣ ሁለተኛዋ ትለካለች፣ ሦስተኛዋ አትሮፖስ ትቆርጠዋለች። አትሮፓ የሚለው ስም ከእሷ የመጣ ነው፤ አትሮፖስ ማለት «የማትመለሰው» ማለት ነው። ሽሮ ሜዳ ለሸማኔ ጎረቤት ሆኖ ላደገ ሰው የተቆረጠ ክር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ቃል ቤላዶና ጣልያንኛ ነው፣ «ቆንጆ ሴት»። የተለመደው ማብራሪያ በድሮ ጊዜ የጣልያን ወይዛዝርት ጭማቂውን ዓይናቸው ውስጥ ጠብ እያደረጉ ብሌናቸውን ያሰፉ ነበር የሚል ነው። የሰፋ ብሌን ዓይንን ጥቁርና ጥልቅ ያስመስላል፤ ባለቤቷ ግን አጠገቧ ያለውን ሰው አጥርታ አታይም። ዓይን ሐኪም ዘንድ ጠብታ ተደርጎለት ወደ ፀሐይ የወጣ ሁሉ ያንን ብዥታ ያውቀዋል። ስለዚህ የዚህች ተክል ስም ግማሹ መቀስ፣ ግማሹ ኩል ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከዚህች ተክል የወጣው አትሮፒን ዛሬ በትንንሽ ብልቃጥ በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል አለ። እንደ ማላታይን ባለ ፀረ ተባይ የተመረዘ ሰው ሲመጣ፣ ምራቁና ላቡ ሲዝረከረክ፣ ሳንባው በፈሳሽ ሲሞላ፣ ልቡ ሲዘገይ የሚወጋው እሱን ነው። አንዱ መርዝ ሰውነትን ያረጥባል፣ ሌላው ያደርቃል፤ ስለዚህ ይካካሳሉ። አገራችን ላይ በዱር የማትበቅለው «የማትመለሰው» ሴት ስንት ገበሬ ከሞት አፋፍ መልሳለች።

አውጥ የሚበላው መቼ ነው

ወደ ልጁ ከንፈር እንመለስ። አውጥ ከመሬት ከጉልበት ብዙም የማታልፍ፣ በየማሳው ዳርና በየጓሮው ሳትዘራ የምትበቅል ተክል ናት። አበባዋ ነጭ ኮከብ ነው፤ አምስት ቅጠል አለው፣ መካከሉ ላይ ቢጫ ጉጠት ይወጣል። የድንችን አበባ የሚያውቅ ሰው አሳንሶ ቢያስባት ደረሰባት። ፍሬዋ አተር ታህል ወይም ታንሳለች፣ አራት አምስት ሆነው ከአንድ ነጥብ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ይንጠለጠላሉ። ቤላዶና ከዚህ ሁሉ ትለያለች፦ አበባዋ ወይን ጠጅና ቡናማ የተደባለቀበት ደወል ነው፤ ፍሬዋ ለየብቻዋ ትቀመጣለች፣ መጠኗም የቼሪ ያህል ነው፤ ከሥሯም አምስት ጫፍ ያለው አረንጓዴ ኮከብ እንደ ሳህን ተዘርግቶ ይይዛታል። የአውጥ ሳህን ትንሽና ፍሬው ላይ የተለጠፈ ነው። ይህን ያየ ሰው ሁለቱን ሊያምታታ አይችልም። ስልኩ ግን ይህን ሁሉ አላየም፤ ያየው ከላይ አንድ ፎቶ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን አውጥ ንጹሕ ናት ማለት አይደለም። አረንጓዴው ፍሬዋ ሶላኒን አለው፤ ፀሐይ ነክቶት የሰነበተ ድንች ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣውን የሚያጅበው ያው መራራ መርዝ ነው። እረኛው የሚያውቀው ደንብ አጭር ነው፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ስትነካው በራሱ የሚወድቅ። መጎተት የፈለገ ፍሬ አልበሰለም። መራራ ከሆነ ይተፋል። ልጆች ሲሳሳቱ የሚሳሳቱት ቸኩለው ግማሽ አረንጓዴውን ዘለላ በሙሉ አፋቸው ውስጥ ሲያራግፉ ነው፤ ከዚያ ሆድ ቁርጠት፣ ትውከት፣ ተቅማጥ ይከተላል። በደቡብ ቅጠሏን እንደ ጎመን የሚበሉ አሉ፤ የሚያፈሉበትን የመጀመሪያ ውሃ ይደፉታል። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ ሶላኒን በፍላት አይጠፋም፣ ወደ ውሃው ግን ይወጣል። ውሃውን ወጥ ያደረገ ሰው መርዙን መልሶ ጠጣው።

እዚያው ማሳ ላይ ከአውጥ ይልቅ የምፈራው ሌላ ፍሬ አለ፣ ማንም ስም ያላወጣለት። ድንች አበባውን ከረገፈ በኋላ አንዳንዱ ግንድ ላይ አረንጓዴ ቲማቲም የመሰለ፣ ጣት ጫፍ የሚያህል ፍሬ ያንጠለጥላል። ገበሬው ከሥሩ ያለውን ብቻ ስለሚፈልግ አይቶት አያውቅም ማለት ይቻላል። ሶላኒኑ ግን ከድንቹ እጅግ የበዛ ነው። ከከተማ መጥቶ «ቲማቲም!» ብሎ የሚቀጥፍ ሕፃን ይኖራል። ስም የሌለው ነገር ማስጠንቀቂያም የለውም።

ምልክቱን የሚናገር ስም

የቤላዶና የቅርብ ዘመድ እኛ ዘንድ በጫካ ሳይሆን በቆሻሻ መጣያ፣ በተቆፈረ መንገድ ዳር፣ ቤቱ ሳያልቅ በቆመ ግንባታ ግቢ ውስጥ ነው ያለችው። ነጭ፣ ረጅም፣ የመለከት ቅርጽ ያለው አበባ፤ እሾሃማ፣ እንቁላል መሰል ቆብ፤ ቆቡ ሲደርቅ በአራት ተሰንጥቆ የኩላሊት ቅርጽ ያላቸው ጠቆር ያሉ ዘሮች ይረግፋሉ። ሲያሹት ቅጠሉ ይከረፋል። ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ይህን ሳያይ ያለፈ እግረኛ የለም።

አማርኛው ለዚህ ተክል ያወጣው ስም አስተናግር ነው። የሚያናግር፣ የሚያስለፈልፍ። ዘሩን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ብሌኑ ይሰፋል፣ ሽንቱ ይያዛል፣ ልቡ ይጋልባል፤ ከዚያ ከሌለ ሰው ጋር ማውራት ይጀምራል፣ አየሩ ላይ ክር የሚለቅም ይመስል ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ሥራው የአትሮፒንና የስኮፖላሚን ነው፣ ቤላዶና ውስጥ ያሉት እነዚያው። አውሮፓዊው የዓይኑን ስፋትና የሞቱን መቀስ ወስዶ ስም አደረገ፤ የእኛ ሰው ደግሞ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያደመጠውን ስም አደረገ። የትኛው ለነርስ ይጠቅማል ቢባል እኔ አስተናግር እላለሁ።

ችግሩ ሁለተኛው ስሙ ላይ ነው። ዕፀ ፋርስም ይባላል፣ የፋርስ ዕፅ። ዛሬ ግን ዕፀ ፋርስ ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ካናቢስን ነው፤ ፖሊስ ያዝኩ ሲል በዜና የሚነበበው እሱ ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ተክሎች ናቸው። «ዕፀ ፋርስ ወስዷል» ተብሎ ወደ ሐኪም የቀረበ ልጅ የትኛውን እንደወሰደ ስሙ አይለይም፤ የሰፋ ብሌንና የደረቀ ቆዳ ግን ይለያሉ። ለዚህ ነው በሽተኛ ይዞ የሚሄድ ሰው ስሙን ከሚናገር የተክሉን ቅርንጫፍ ወይም ፍሬ ይዞ ቢሄድ የሚሻለው። ጣት ከቶ ማስታወክ፣ ወተት ማጠጣት፣ ግራ እየገባ ማለፉን መጠበቅ ጊዜ ያስበላል፤ የተጋነነው ሙቀትና የልብ ምት የሚያዘው ሕክምና ቤት ነው።

እህል ላይ የሚደርሰው ጉዳትም በመጠን ይወሰናል። የአስተናግር ዘር ርዝመቱ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ነው። ጤፍ ከእሱ እጅግ ስለምታንስ ወንፊት ይለየዋል፤ ስንዴና ማሽላ ውስጥ ግን ወንፊት አይበቃም፣ እጅና ዓይን ይፈልጋል። አረሙ በማሳው ውስጥ ቆቡ ሳይሰነጠቅ ካልተነቀለ አውድማ ላይ ጊዜው አልፏል።

አረፋው ሥር

አሁን ወደ ቦርሳው ልሂድ።

እንዶድ ሲባል አማርኛ ተናጋሪው የሚያየው ነጭ ጋቢ ነው። ኦሞና ላርጎ ከመምጣታቸው በፊት የጥጥ ልብስ የሚነጣው በእሱ ነበር፤ ዛሬም ሽሮ ሜዳ ሥር ጥሩ ነጠላ የያዙ እናቶች በፋብሪካ ሳሙና ከማሳጠብ እንዶድ የሚመርጡ አሉ። ምክንያታቸው ትክክል ነው። የተለመደ ሳሙና አልካሊ ስለሆነ የጥበቡን ቀለም እያደር ሊጎዳ ይችላል፤ ከከባድ ውሃ ጋርም ሲገናኝ ግራጫ ንፍጥ ሠርቶ ልብሱ ላይ ይለጠፋል። የእንዶድ አረፋ አልካሊ አይደለም፣ በከባድ ውሃም አይረጋም።

ኦሮምኛው እንዶዴ ይለዋል፤ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ በአዲሱ የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያለው ጣቢያም እንዶዴ ነው የሚባለው። ትግርኛው ሽብቲ ይለዋል። የሳይንሱ ስም ፊቶላካ ዶዴካንድራ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ቀይ ቀለም የሚሰጥ ተክል ለማለት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ «አሥራ ሁለት ወንድ ያለው»፣ በአበባው ውስጥ የተቆጠሩትን የወንዴ ዘንጎች ለመንገር። (ከዚህ ሁሉ ወንድ ጋር፣ አጥራችሁ ላይ ያለው እንዶድ ዓመት ሙሉ አብቦ ፍሬ ካልሰጣችሁ ተክሉ ራሱ ወንዴ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬው ሴቴው ላይ ነው።) አንዱ ስም ስለ ቀለም፣ ሌላው ስለ ቆጠራ፣ እንግሊዝኛው ስለ ሳሙና፤ የእኛውም የሚያስታውሰው እጥበትን ነው። ስለ መርዝ የሚናገር አንድም የለም።

መርዙ ግን አረፋው ራሱ ነው። ፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት። ቅባት ወዳዱ ጫፍ የጋቢውን እድፍ ይዞ ወደ ውሃ ይጎትታል። የሕያው ነገር ሕዋስ ሽፋንም ከቅባት የተሠራ ነው። ስለዚህ የዓሣ መተንፈሻ ስንጥብ ወይም የቀንድ አውጣ ሥጋ ሲያገኝ በዚያው እጁ ሽፋኑን ይበሳዋል፤ የሰው ቀይ የደም ሕዋስም በሙከራ ብርጭቆ ውስጥ ሲገናኘው ይፈነዳል። የሚያነጣውና የሚገድለው አንድ ሥራ ነው። ሳይንቲስቶች ይህን መርዝ ሲሰይሙት እንኳ ስሙን የወሰዱት ከላቲኑ «ሳሙና» ነው። እነሱም አረፋው አታለላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ብልሃርዝያን ያጠና ነበር። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው በወንዝ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ በኩል ነው፤ ጥገኛው ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ ይገባል። አክሊሉ ቀንድ አውጣ እየለቀመ በወንዙ ሲሄድ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አገኘ። ሌላ ቦታ በሕይወት አሉ። ከሌላው ቦታ ሕያዋኑን በዕቃ ይዞ መጣና አንዷን ሴት ከአረፋሽ ጥቂት ጨምሪልኝ አላት። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ይህችን ቅጽበት ደጋግሜ አስባታለሁ። ወንዙ ዳር ለትውልዶች ሲታጠብ ነበር፤ የሞቱት ቀንድ አውጣዎችም ለትውልዶች ሲንሳፈፉ ነበር። ሴቶቹ አላዩም ማለት ይከብዳል። በአንዳንድ ቦታ ሰዎች በእንዶድ ዓሣ አፍዝዘው እንደሚይዙ ይታወቃል፤ ስለዚህ እንደሚገድል አልተሰወረም። የተሰወረው ቀንድ አውጣው ምን እንደሚያደርግ ነበር። ቀንድ አውጣ በሽታ እንደሚያመላልስ ያልተነገራት ሴት የሞተ ቀንድ አውጣ ብታይ ምን ትበል? አክሊሉ ደግሞ ስለ ቀንድ አውጣው ተምሮ የመጣ፣ ግን የሚገድለውን በእጁ ያልያዘ ሰው ነበር። እውቀቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በእሷ ገበቴ፣ ግማሹ በእሱ ዕቃ ውስጥ ኖሮ እዚያ ተገናኘ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ቦታውን ስታስቡት። አረፋው የሚወርደው ወደ ታች ነው። የምታጥበው ሴት ከአረፋዋ በላይ ባለው ውሃ ውስጥ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቆማለች። የእሷ እንዶድ የሚያጸዳላቸው ከታች ያሉትን ነው፤ እሷን የሚያድናት ከእሷ በላይ ሌላ ሴት ካጠበች ነው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚለው እዚህ ላይ በትክክል ሠርቷል። ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በእንዶድ በተደረገ ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ። የሥራ ባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ እንዶዶችን እያወዳደሩ ፍሬው የበዛና ኃይሉ የጠነከረ ዓይነት መረጡ፤ ዓይነት 44 የሚባለው ከዚያ የወጣ ነው። ሁለቱ በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

ከፍሬው ውስጥ ከተለዩት ሳፖኒኖች አንዱ በአክሊሉ አባት ስም ተሰየመ፦ ለማቶክሲን። ለውጭ አገር ኬሚስት የአንድ ተመራማሪ መጠሪያ ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ነገር ይሰማዋል። ለማ ማለት አፈራ፣ በጀ፣ ለመለመ ማለት ነው፤ ቶክሲን መርዝ። ያ ሁሉ ዘመን መርዙን ያልነገረን ተክል መርዙን የሚናገር ስም ሲያገኝ ግማሹ አማርኛ፣ ያውም የልማት አማርኛ ሆነ።

ሙቀጫ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ነፋስ

እንዶድ ላይ የሚበላሹ ነገሮች ብዙዎቹ ከጊዜና ከሙቀት ጋር የተያያዙ ናቸው። ፍሬው የሚለቀመው ሙሉ መጠኑን ደርሶ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ወደ ብርቱካናማና ቀይ ከዞረ ውሃ ያዝላል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። ዘለላው በሙሉ ተቆርጦ ስስ ሆኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከተከመረ ይሻግታል። በደንብ የደረቀው ጠውልጎ ቡናማ ሆኖ ሲነቃነቅ ይንኳኳል፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል።

ሲወቀጥ ነፋስ ከጀርባ መሆን አለበት። ብናኙ አፍንጫ ከገባ ማስነጠሱ አያባራም፤ ዓይን ከገባ ደግሞ ያቃጥላል፣ ያብጣል፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቶሎ መታጠብ ያስፈልገዋል። አፍና አፍንጫን በነጠላ መሸፈን ድሮም የነበረ ነው። ሙቀጫው የቡና ወይም የቅመም ከሆነ ተውት፤ በእንጨት ቀዳዳ ውስጥ የገባ እንዶድ በአንድ እጥበት አይወጣም። ለአንድ ጋቢ አንድ ወይም ሁለት እፍኝ የተወቀጠ ፍሬ በገበቴ ውሃ በቂ ነው። ጨምቆ፣ ዝቃጩን አጥልሎ ውሃውን ብቻ መጠቀም ይሻላል፣ ካልሆነ ጥቋቁሩ ዘር ከነጠላው ጥልፍ ውስጥ ሲለቀም ይዋላል።

ለቀንድ አውጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥብቅ ነገር አለ፦ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ባልተፈጨ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት በኩል ስኳር የታሰረበት ነው፤ እንደዚያ እያለ ቀንድ አውጣን እምብዛም አይጎዳም። ሲፈጭና በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ ፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም አንደኛውን ስኳር ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ነው የሚገድለው። ገና ከመጀመሪያው የፈላ ውሃ ያፈሰሰበት ሰው ኤንዛይሙን ይገድለዋል፤ አረፋ ያያል፣ ቀንድ አውጣው ግን በሕይወት ይሄዳል። በደንብ ከተዘጋጀ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ዱቄት ለአንድ ቀን ሙሉ ከቆየ ይበቃል። የቀንድ አውጣውን እንቁላል ግን አይነካም፣ ስለዚህ እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ መድገም የግድ ነው። ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል፤ ይህ ለወንዙ በጎ ነው፣ ለደጋሚው ሥራ ነው።

በዚያው መጠን ዓሣም ይሞታል። የእጥበት ውሃ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ምንጭ አይደፋም፤ ሜዳ ላይ ሲደፋ አፈሩ ይጨርሰዋል።

ሌላው ጉዳይ አፍ ነው። ለኮሶ ብለው የጠጡት አሉ፤ ጽንስ ለማስወረድ የጠጡት ሴቶችም አሉ፣ ከእነሱ ውስጥ ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። ትውከትና ደም ያለበት ተቅማጥ ይመጣል፣ ሰውነት ውሃውን ያጣል። «ሳሙና ነው፣ ያጥበኛል» የሚለው አነጋገር ከስሙ የመጣ ነው፤ ውስጥን ማጠብ የሚባል ነገር ግን የለም፣ የሚታጠበው የአንጀት ሽፋን ራሱ ነው። ሆድ ትል ዛሬ በጤና ጣቢያ በክኒን ይታከማል።

ቦርሳ ውስጥ የገባውን ዘለላ ከዳቦው አጠገብ አውጥተን አጥሩ ሥር ጣልነው፤ ብርቱካኑ ታጠበ። ከላይ የቀሩት ዘለላዎች ገሚሳቸው ወደ ቀይ ዞረዋል። አንዲት ትንሽ ወፍ መጥታ ቀዮቹን ብቻ እየመረጠች ዋጠቻቸው፣ አረንጓዴዎቹን አልነካችም። ዘሩን ሌላ አጥር ላይ ትጥለዋለች።